ኖራ የማይነካው ሲኒ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ ሸለመኝ፤ ወጣቱ አለቃዬም ቆሞ ንግግር አደረገ። «አቶ ደምሴ ዕድሜያቸውን ለመብራት ሥራ የሰጡ ሰው ናቸው» አለ። ተጨበጨበ። ጋቢውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። ደግ ልጅ ነው፤ ቅር አላለኝም። ብቻ ያ ዕድሜ የት እንደ ቀረ ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ እዚህ ቢሮ ውስጥ አይደለም እለው ነበር። የቀረው ከጠላት በፊት፣ ከሐረር ግንብ፣ ከፈላና በር ውጭ በነበረው በዚያ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው።

ዛሬ ኃይል ከሩቅ አገር በግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል። ማን እንደ ሠራው፣ ከየት እንደ ተነሣ የሚጠይቅ የለም። ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ባለቤቱ እያጉረመረመ ይከፍላል፣ በቃ። ያን ጊዜ ግን የሐረር መብራት ድምፅ ነበረው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዱክ ዱክ ዱክ ሲል ጀጎል ውስጥ ድረስ ይሰማል፤ እናቶችም በዚያ ድምፅ ልጆቻቸውን ከጨዋታ ይጠሩ ነበር። አሁንም ይናፍቀኛል። ሰው እንዴት ሞተር ይናፍቃል የሚለኝ ቢኖር፣ ሞተር አጠገብ ኖሮ የማያውቅ ሰው ነው።

አባቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበርና ያደግኩት ድሬ ጠያራ፣ እሱ በተሰጠው መሬት ላይ ነው። እኔ ግን ሞፈር ከመያዝ በቅሎ መንዳት እመርጥ ነበር። ጎልማሳ ስሆን ከድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ በቆርቆሮ የታሸገ ናፍጣ እየጫንኩ፣ ዳገቱን ወጥቼ ለሐረር መብራት ቤት ማድረስ ጀመርኩ። ሌሎቹ ጫኞች ግማሹን መንገድ ላይ ያፈሱት ነበር። እኔ በቆርቆሮዎቹ መካከል ገለባ እጎሰጉስ ስለነበር አንድ ጠብታ አይጎድልብኝም።

አንድ ቀን ሳራግፍ የቆዳ ሽርጥ የታጠቁ አጭር ሰው ከቤቱ ወጡና ጭነቱን ዞረው አዩት።

«ይህን ያሰረው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ገለባውን ማን አስተማረህ?»

«በቅሎዋ ነች። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ትደነብራለች።»

ሳቁ። «ነገ በቅሎዋን ለሌላ ስጣትና እዚህ ና። ሞተርም እንደ በቅሎ ነው፤ ያልተመቸውን ይናገራል፣ የሚሰማው ሰው ነው የጠፋው።»

ሙሴ ስቴፓንን ያገኘኋቸው እንደዚህ ነው። «ሙሴ» ያን ጊዜ ፈረንጅን «አቶ» እንደ ማለት ነበር፤ ዘራቸው አርመን ነው፤ አባታቸው ሰዓት ሠሪ ነበሩ። እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት ሐረር ነውና አማርኛውንም፣ ኦሮምኛውንም፣ የጀጎልን ሰዎች ቋንቋም አንዱን ከአንዱ ሳያስበልጡ ይናገሩት ነበር። የግራ ጢማቸው ከቀኙ ያጥራል። ምክንያቱ ሞተሩ ነው። ያ ሞተር እንዲነሣ አስቀድሞ አናቱ በላምባ ነበልባል መጋል አለበት። ሙሴ ስቴፓን ጎንበስ ብለው፣ ነበልባሉን ይዘው፣ ብረቱ ቀይ እስኪሆን ድረስ በዝግታ ያንጎራጉራሉ፤ በዚያ መሐል ጢማቸው ይለበለባል። «ሙሴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ» ብላቸው፣ «ፈቀቅ ካልኩ ቀለሙን አላይም» ይሉኛል። ቀለሙ የበሰለ ብርቱካን ሲመስል እኔና እሳቸው ትልቁን መዘውር ይዘን እናወዛውዘዋለን። አንዴ ያስነጥሳል፣ ይዘገያል፣ ደግሞ ያስነጥሳል፤ ከዚያ ዱክ ዱክ ይጀምራል። መዘውሩ ሰፊውን የቆዳ ጠፍር ይጎትታል፣ ጠፍሩ ዲናሞውን ያሽከረክራል፣ ዲናሞው ኃይሉን ያመነጫል። በእብነ በረድ ሰሌዳው ላይ ያለችው መርፌ ስትነሣ ሁልጊዜ ደረቴን ሞቅ ይለኝ ነበር። ስንት ዓመት አይቻት አልሰለቸችኝም።

ማብሪያውን ግን ወዲያው አይጭኑትም። እጃቸውን ታጥበው፣ በሽርጣቸው አድርቀው፣ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የመግሪብ አዛን ተጠርቶ ሳያልቅ ማብሪያ አይነኩም። «እሱ ሰውን የሚጠራው ከኛ በፊት ነው» ይላሉ። አዛኑ ሲያበቃ ማብሪያውን ይጭኑታል፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ የግሪኩ ሆቴል፣ የሕንዶቹ ሱቆች አንድ ላይ ይበራሉ።

ሌሎች ልማዶችም ነበሯቸው። መሰላል ላይ ስወጣ መሰላሉን የሚይዙት ራሳቸው ናቸው። ቀን ሠራተኛ አጠገባቸው ቆሞ እንኳ አያስይዙም። «መሰላል የሚይዘው አለቃ ነው። ላይ ያለው ቢወድቅ ጥፋቱ የማን ነው?» ብለው ነበር መጀመሪያ ቀን፤ ከዚያ ወዲህ ደግመው አላስረዱኝም። ደግሞ በሰሌዳው ላይ፣ ዛሬ ቫልቮላ የምንለው ቀጭን ሽቦ አለ። ኃይሉ ከልክ ሲያልፍ እሱ ቀድሞ ይቃጠልና መስመሩን ይቆርጣል። «ይህ ውሻችን ነው» ይሉኝ ነበር። «ውሻ ሲጮህ ሌባውን ፈልግ እንጂ ውሻውን አትግደል።» በቀጭኑ ሽቦ ቦታ ወፍራም መዳብ ማሰር በዚያ ቤት ውስጥ ከስርቆት የከፋ ነውር ነበር።

ሽያጩም የራሱ ጥበብ ነበረው። ክፍያው በአምፖል ነው፤ ሁለት አምፖል ያለው የሁለት ይከፍላል። አንድ ሕንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ «ፋኖሴ ይበቃኛል» ካላቸው አይከራከሩትም። «ይሁን፣ ለጥቂት ቀን በነፃ ልስቀልልህ» ይሉና ይሰቅሉለታል። ቀኑ ሲደርስ ሳይናገሩ ያወርዱታል። በማግስቱ ነጋዴው ራሱ መብራት ቤታችን በር ላይ ነው። «ብርሃን የቀመሰ ሰው ጨለማው ከድሮው ይጠቁርበታል» ይሉኛል በዓይናቸው እየጠቀሱኝ። ያን ጊዜ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

የሙሴ ስቴፓን ሕልም ግን ቤተ መንግሥቱም ሆቴሉም አልነበረም። ጀጎል ነበር። በልጅነታቸው በፋኖስ ይሮጡበት የነበረውን ያን ጠባብ መንገድ ሳላበራ አልሞትም ይሉ ነበር። ኩባንያው የውጭ ሰዎች ነው፤ ዲሬክተሩም የሚቀመጠው ድሬዳዋ ነው። ለእሱ ጀጎል ወጪ እንጂ ሌላ አይታየውም። ሞተሩን ወደ ድሬዳዋ መጋዘኖች መውሰድ ይፈልግ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ እንዲህ ሲል ፈቀደ፤ «እስከ አረፋ በዓል ድረስ ሽቦውን ዘርጋ። በዋዜማው መጥቼ አያለሁ። በደንብ ካልበራ ሽቦው ይወርዳል፣ ሞተሩንም እወስደዋለሁ።»

በጀጎል መንገድ ግንድ መትከል አይቻልም፤ የተጫነች አህያ እንኳ የምታልፈው ግድግዳ እየታከከች ነው። ስለዚህ ከቤቶቹ ግድግዳ ላይ የብረት ክንድ መስካት፣ በክንዱ ላይ ሲኒ መትከል ነበረብን። ሲኒ የምንላት ሽቦው የሚያርፍባት ነጭ ሸክላ ነች፤ የተደፋች ሲኒ ትመስላለች። ኃይል በእሷ ውስጥ አያልፍምና ከሽቦው ወጥቶ ወደ ግድግዳው እንዳይሄድ የምትጠብቅ እሷ ነች። ግን ግድግዳው ባለቤት አለው፤ ባለቤቱን ማስፈቀድ ደግሞ ከሞተር ማስነሣት ይከብዳል።

ከፈላና በር ገባ ብሎ በማዕዘኑ ላይ ያለው ትልቅ ግድግዳ የአይ ዘይነባ ነበር። አይ ማለት በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰፌድና ሙዳይ በመስፋት የታወቁ ሴት ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች ለለቅሶና ለሠርግ የሚረዳዱበት ማኅበር አለ፣ አፎቻ ይሉታል፤ የእሱ አለቃም እሳቸው ነበሩ። እሳቸው እሺ ካሉ መንገዱ ሁሉ እሺ ይላል። ሙሴ ስቴፓን ጫማቸውን አውልቀው ገብተው፣ ቀይ አፈር በተቀባው መደብ ላይ ተቀመጡ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰፌድ ተሸፍኗል።

«ግድግዳዬን ልትበሱት ነው?» አሉ አይ ዘይነባ።

«አዎን።»

«ብረቱስ የማን ይሆናል?»

ሙሴ ስቴፓን ትንሽ አሰቡ። «ከተሰካ በኋላ የእርስዎ ነው። ሲኒውም ሽቦውም የቤትዎ ዕቃ ነው። በእጅ እንዳይነካ ብቻ እንጂ፣ እንደ ቤትዎ ዕቃ ይያዙልኝ።»

አይ ዘይነባ ሰፌዶቻቸውን አንድ ጊዜ ዞረው አዩ። «የቤቴ ዕቃ ከሆነ እይዘዋለሁ፣ ኢንሻ አላህ» አሉ።

በሕይወቴ እንደዚያ ወር የሠራሁበት ጊዜ የለም። እኔ ከላይ ድንጋይ እበሳለሁ፤ ሙሴ ስቴፓን ከታች መሰላሉን ይይዛሉ፤ ከየበሩ ውኃ የሚያቀብለን አይታጣም። ከአይ ዘይነባ ልጆች አንዷ ራሒማ ልታገባ ተቃርባ ነበርና፣ ደጃፍ ተቀምጣ የሠርግ ቀሚሷን በሐር ክር ስትጠልፍ ከላይ አያት ነበር። መስመሩ አለቀ። አንድ ምሽት ሞከርነው፤ እንደ ሠርግ ቤት ደመቀ። ሙሴ ስቴፓን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ተራመዱበትና ተመለሱ።

የአረፋ ዋዜማ ደረሰ። እኛ ቀኑን ሙሉ ሞተሩን ስናጸዳ ዋልን። ዲሬክተሩ በመኪና መጣ፤ ከአገረ ገዥው ዘንድም ሹም መጣ። ከፈላና በር ውስጥ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይጠብቃል። አዛኑ አለቀ፤ ሙሴ ስቴፓን ማብሪያውን ጫኑት።

ከመብራት ቤቱ ደጃፍ ሆነን የምትታየን ፈላና በር ላይ የተሰቀለችው አምፖል ናት። እንደ ፍም ቀላች፤ ከዚያ በላይ አልበራችም። ሞተሩ አቃሰተ። ቫልቮላው ተቃጠለ። ሙሴ ስቴፓን ለወጡት፤ ደግሞ ተቃጠለ። ዲሬክተሩ ሰዓቱን አየ። ከጀጎል በኩል ሰዎች ሲንሾካሾኩ ይሰማል።

ሙሴ ስቴፓን ከመሳቢያው ወፍራም መዳብ ሲያወጡ አየሁ።

«ሙሴ፣ ይተዉት። ውሻው እየጮኸ ነው» አልኳቸው።

«ዛሬ ብቻ» አሉ። ሊያዩኝ አልፈለጉም።

አሰሩት። አምፖሏ ትንሽ ነጣች፤ ሞተሩ ማቃሰቱን ተወና መጮህ ጀመረ። ጠፍሩ መንሸራተት ያዘ። እሳቸው በእጃቸው ናፍጣውን እየጨመሩ ይገፉታል። ከዲናሞው ሰማያዊ ጢስ ወጣ፤ እንደ ተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። ከዚያ ሁሉም ጨለመ፤ ቤተ መንግሥቱም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ሁሉም። ጀጎል ውስጥ ሰዎች ወደየቤታቸው ገብተው ፋኖሳቸውን ሲለኩሱ ከግንቡ በላይ ያ ደብዛዛ ቀለም ታየ። ሙሴ ስቴፓን በጨለማው ውስጥ የጋለውን ዲናሞ እንደ ታመመ ሰው ግንባር በእጃቸው ጀርባ ይነኩት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መስመሩን ልናይ ገባን። ገና ፈላና በርን እንዳለፍን ሙሴ ስቴፓን ቆሙ። መንገዱ በሙሉ ነጭ ነው። በዓል ሲመጣ ግድግዳ ኖራ መቀባት የአገሩ ወግ ነው፤ ሴቶቹ ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ ሲቀቡ ውለዋል። ግድግዳውን ብቻ አልነበረም። የብረቱን ክንድ፣ ሲኒውን፣ መጥረጊያቸው የደረሰበትን ሽቦ ሁሉ በእርጥብ ኖራ አልብሰውታል። ኃይሉ በዚያ እርጥብ ኖራ እየተሻገረ ግድግዳው ውስጥ ሲፈስ አምሽቷል።

አይ ዘይነባ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ከደጃፋቸው ወጡ። ፊታቸው በኩራት በርቷል።

«አያችሁ?» አሉ። «የቤት ዕቃ ነው ብላችኋል። ኃይሉ ሳይመጣ፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባነው፤ አንድም አላስቀረንም። መብራቱ ግን ምነው እንቢ አለ?»

ሙሴ ስቴፓን ባርኔጣቸውን አነሡ። «ሞተሩ አርጅቶ ነው፣ አይ ዘይነባ። እጅዎ ይባረክ፤ በጣም አምሮበታል። መልካም በዓል።»

ማዕዘኑን እንደ ዞርን ግድግዳውን ተደግፈው ይስቁ ጀመር። ዕንባቸው ጢማቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። ሳቅ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ዲሬክተሩ መብራት ቤት ይጠብቀን ነበር። «የከተማው ሰው ተንኮል ሠርቶብህ ነው?» አለ።

«አይደለም» አሉ ሙሴ ስቴፓን። «በቫልቮላው ቦታ መዳብ ያሰርኩ እኔ ነኝ። ዲናሞውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የኩባንያው ካሚዮን የጫነውን ቡና አድርሶ ሲመለስ ሞተሩን ይጭናል» ብሎ ሄደ።

በዚያ ሳምንት ሎሚና ጨርቅ ይዘን ሲኒዎቹን አንድ በአንድ መወልወል ጀመርን። «ሊወርድ ሽቦ ምን ይጠቅመናል?» አልኳቸው። «ንጹሕ ሆኖ ይውረድ» አሉኝ፤ መሰላሉን እንደ ያዙ። አይ ዘይነባ ከደጃፋቸው ቆመው ያዩናል። ኖራውን ስፍቅ፣ ከሲኒው ሥር ያለውን በጥፍሬ ስጭር ቆየሁ።

«ደምሴ» አሉኝ አይ ዘይነባ። «ወላሂ እውነቱን ንገረኝ። ኖራው ነው?»

ወደ ታች ሙሴ ስቴፓንን አየሁ። ዓይናቸውን ከመሰላሉ አላነሡም። እኔ ለእኚያ ሴት መዋሸት አልቻልኩም። «ኖራው ነው፣ አይ ዘይነባ። እርጥብ ሲሆን ኃይሉን ይጠጣዋል» አልኳቸው። ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በማግስቱ መብራት ቤቱ ደጃፍ ላይ የአፎቻው ሴቶች በሙሉ ቆመው አገኘናቸው። የጀጎል ወይዛዝርት እንደዚያ ተሰብስበው ከበር ውጭ ወደ ሞተር ቤት ሲመጡ ታይቶ አይታወቅም።

«ያበላሸነው እኛ ነን» አሉ አይ ዘይነባ። «ምን እንደሚደረግ ይንገሩን።»

«የሚደረግ የለም» አሉ ሙሴ ስቴፓን። «የዲናሞው ሆድ ዕቃ በክር የተለበጠ መዳብ ነው። ክሩ ተቃጥሏል። ተለብጦ የተሠራው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፤ እስኪደርስ ሞተሩ እዚህ የለም።»

«መዳቡስ?»

«መዳቡ ደህና ነው።»

አይ ዘይነባ የያዙትን የክር ቋጠሮ ፈቱ። «ታዲያ የጠፋው ክር ብቻ አይደል? አሳዩን።»

ሙሴ ስቴፓን የመብራት ቤቱን በር ከፈቱላቸው። ከዚያ ዲናሞውን ፈታነው። ከሆዱ ያወጣነውን መዳብ አጋልን፣ አጸዳን፣ በሁለት ወገን ጎትተን አቃናን። በአይ ዘይነባ ግቢ ሴቶቹ ተቀምጠው አንዷ ሽቦውን ታሾራለች፣ ሌላዋ ክሩን እየሳበች ታለብሳለች። ክሩ ከክር ጎን ለጎን መተኛት አለበት፤ ፀጉር የምታህል ክፍተት ካለች እዚያ ላይ ይቃጠላል። ሙሴ ስቴፓን ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየዳሰሱ ክፍተቱን ሲያገኙ ያፈርሱታል። አይ ዘይነባ አንድ ጊዜ ተቆጡ፤ «ሙሴ፣ ሄደው ይቀመጡ። ራስ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ስፌት ያበላሻል።» ሄደው ተቀመጡ። እሳቸውን እንደዚያ ያዘዘ ሰው አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ጥቅል ይዘን ወደ ዲናሞው መለስነው። አልገባም። የጥጥ ክሩ ወፍራም ነው፤ መዳቡ ከሚተኛበት ቦይ ተርፎ ወጣ። ሙሴ ስቴፓን ጥቅሉን እንደ ያዙ ወደ ሴቶቹ ግቢ ተመልሰው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «የድሮው ሐር ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሐር ቀጭን ነው። ይቅር፤ ደከማችሁ።»

ሐር በዚያ ቤት የነበራት ራሒማ ብቻ ነበረች። ማንም ስሟን አልጠራም፤ ማንም ወደ እሷ አላየም፤ እናቷም እንኳ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እሷ ተነሥታ ገባች፤ የሠርግ ቀሚሷ ሊጠለፍበት የቀረውን የሐር ልቃቂት ሁሉ አምጥታ በሙሴ ስቴፓን ጉልበት ላይ አኖረችው።

«ቀሚሱ?» አሉ።

«ቀሚስ በጥጥም ይጠለፋል» አለች።

ሐሩን አለበስነው፤ ሕንዶቹ ወርቅ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ሙጫ ቀባን፤ በፀሐይ አደረቅን። ዲናሞው ሲገጠም ጥቅሉ በቦዩ ውስጥ ተኛ። ካሚዮኑ ከታች መምጣቱ የተሰማ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ ሞተሩን አስነሣን። የቆየው የኖራ እርጥበት ደርቋል፤ ሲኒዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ውሻችንም፣ ቀጭኑ ሽቦ፣ በቦታው ነው። አዛኑ አለቀ። ማብሪያው ተጫነ። ከፈላና በር እስከ መንገዱ መጨረሻ በራ።

ዲሬክተሩ ከካሚዮኑ ወርዶ መንገዱን ሄደበት። ሴቶቹ በየደጃፋቸው ቆመው ነበር። ተመልሶ መጣና፣ «ይህ እስከ መቼ ይቆያል?» አለ።

«ኖራ እስካልነካው ድረስ» አሉ ሙሴ ስቴፓን።

ካሚዮኑ ባዶውን ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው የኔ ዕድሜ። አረፋ ሲደርስ ሴቶቹ ኖራ ከመቀባታቸው በፊት በየሲኒው ላይ ጨርቅ ይታሰር ነበር። መሰላሉ ላይ ከሴቶቹ ይልቅ ሽቦ የሚያውቅ ሰው ይውጣ ብለን እኔ እወጣለሁ፤ ኃይሉ በቀን የለምና አያስፈራም። ሙሴ ስቴፓን መሰላሉን ይይዛሉ፤ ራሒማ ጨርቁን ታቀብለኛለች። አግብታ፣ ወልዳም ጨርቁን የምታቀብለኝ እሷ ነበረች። «ሙሴ፣ በዚያ ዲናሞ ውስጥ የሠርጌ ክር አለ፤ በደንብ ያዙልኝ» እያለች ታሾፍባቸው ነበር። «እሱ ነው የሚያበራው፣ ናፍጣው አይደለም» ይሏታል። ያ ሳቅ፣ ያ ነጭ መንገድ፣ ከታች መሰላሌን የያዙት እጆች። እግዜር ከወደድከው ዘመን አንድ ቀን ብቻ እመልስልሃለሁ ቢለኝ ሌላ አልጠይቀውም።

ከዚያ የጦርነት ወሬ መጣ። ጠላት ሊገባ ነው ተባለ። ዲሬክተሩ ንብረቱን ወደ ጅቡቲ ሊያሸሽ ዲናሞውና የመዳብ ሽቦው በሙሉ እንዲወርድ አዘዘ። የዘረጋነውን መስመር ያወረድነው እኛው ነን። ሽቦውን እየጠቀለልን በመጨረሻ የአይ ዘይነባ ግድግዳ ጋ ስንደርስ ጉጠቴን ሲኒው ላይ አኖርኩ።

«ሲኒዎቹን ተዋቸው» አሉ ሙሴ ስቴፓን ከታች። «ተመልሰን ስንመጣ ሽቦውን ብቻ እንዘረጋለን።» ከዚያ ወደ አይ ዘይነባ ዞሩ። «እስክመጣ ይጠብቁልኛል?»

«አማና ነው» አሉ አይ ዘይነባ። አማና በአላህ ፊት የሚቀበሉት አደራ ነው፤ እንዲሁ አይነገርም።

ሙሴ ስቴፓን ዲናሞውን ተከትለው በባቡር ወረዱ። ቅሩ ብላቸው፣ «ያለ እኔ ማን ያስነሣዋል?» አሉኝ። ሲሰናበቱኝ እጃቸውን ታጥበው፣ በሽርጣቸው አድርቀው ነው የጨበጡኝ። ሐረርም ጨለመች፤ እሳቸው እንዳሉት፣ ጨለማው ከድሮው ጠቆረ። ጠላት ከወጣ በኋላ አንድ ሾፌር ጅቡቲ ታመው እንደ ሞቱ ነገረኝ። ዲናሞውን የት እንዳደረሱት የሚያውቅ አላገኘሁም።

እኔ ድሬዳዋ ሠራሁ፣ ጅጅጋ ሠራሁ፣ ኋላም ወደ ሐረር ተመለስኩ። አዲሱ መስመር በግንድ፣ በሌላ በኩል ነው የገባው። በዚያ መንገድ ግን አላለፍኩም፤ ዙሪያ ጥምጥም ብሄድም እሸሸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ባዶ ግድግዳ ማየት አልቻልኩም።

ጋቢውን በተሸለምኩ በሳምንቱ እሱኑ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስወጣ እግሬ ራሱ ወደ ፈላና በር ወሰደኝ። የአረፋ ሰሞን ነው፤ መንገዱ ኖራ ኖራ ይሸታል። በማዕዘኑ ላይ አንዲት ወጣት ሴት መሰላል ላይ ወጥታለች። ከታች በዕድሜ የገፋች ሴት ጨርቅ ይዛ ቆማለች። ቀና ስል የብረት ክንዱ አለ፤ ሲኒዋም አለች፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ዛሬ የተሰቀለች ይመስላል። ሽቦ የለባትም። ወጣቷ ጨርቅ ታስርባታለች።

«ምነው እሷን ኖራ አትቀቧትም?» አልኩ።

ትልቋ ሴት ሳትዞር መለሰች። «አማና ነው። እናቴ ሲሞቱ ለእኔ ሰጡኝ። ባለቤቱ እስኪመጡ ኖራ አይነካውም።» ከዚያ ዞራ አየችኝ። ራሒማ ነበረች። «ደምሴ?» አለች። ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ ወዳለው መንገድ ተመለከተች፤ ሌላ ሰው እንደሚከተለኝ ሁሉ። «መጡ እንዴ?»

ልጅቷ ከላይ ወደ ሁለተኛው ሲኒ ስትንጠራራ መሰላሉ ተንገዳገደ። ጋቢዬን ለራሒማ ሰጠሁና ሄጄ መሰላሉን ያዝኩላት።